ኤሊያችሁ ተኝታ ነው ወይስ ታማ? በቤት የምትኖር ኤሊ የሕመም ምልክቶች

«ኤሊያችን ሐምሌ ከገባ ጀምሮ ጥግ ይዛ ተኝታለች። ምግብም አትነካም። ክረምት ስለሆነ ነው አይደል?»

ይህን ጥያቄ በውስጥ መስመር በተለያየ መልኩ ትልኩልናላችሁ። ፎቶ የምታያይዙም አላችሁ። መልሱን ሳናዞር ከመጀመሪያው እንናገር፦ አይደለም። በአገራችን ግቢዎች የምናያቸው ኤሊዎች ክረምቱን ተኝተው የሚያሳልፉ ዓይነት አይደሉም። ሦስት ሳምንት ሳትበላ ጥግ ይዛ የተቀመጠች ኤሊ ወይ በርዷታል፣ ወይ ታማለች። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሁለቱም ነው፤ መጀመሪያ ይበርዳታል፣ ቀጥሎ ትታመማለች።

ግራ መጋባቱ የሚመጣው ከኢንተርኔት ነው። ስለ ኤሊ አያያዝ የሚጻፈው ብዙው ነገር አውሮፓውያን ለሚያሳድጓቸው የሜዲትራኒያን አካባቢ ኤሊዎች የተጻፈ ነው። እነሱ በእርግጥ ብርዱን ተኝተው ያሳልፋሉ። የእኛዎቹ ግን ሌላ ናቸው። አንደኛዋ ቅርፊቷ የነብር ቆዳ የሚመስል ጥቁርና ቢጫ ነጠብጣብ ያለባት ናት፤ ከሱዳንና ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ በሳርና በቁጥቋጦ ምድር ትኖራለች። ሁለተኛዋ «ሱልካታ» የምትባለው፣ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ ባለው የሰሃራ ጫፍ የምትኖረው ትልቋ ኤሊ ናት። አሜሪካ ያላችሁ ወዳጆቻችን ይህችን በደንብ ታውቋታላችሁ፤ እዚያ በየቤቱ የምትገኝ ናት፤ ትንሽ ሆና ትገዛና አድጋ ከ50 ኪሎ በላይ ልትመዝን ትችላለች። ሁለቱም የሞቃት አገር ፍጡሮች ናቸው።

ኤሊ የሰውነቷን ሙቀት ራሷ አታመነጭም። ከፀሐይ፣ ከመሬትና ከአየር ነው የምትወስደው። ሲበርዳት ምግብ መፍጨቷም፣ ልቧም፣ በሽታ የመከላከል አቅሟም አብሮ ይወርዳል። የነዚህ ዝርያዎች ምቾት ቀን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ፀሐይ የምትሞቅበት ቦታ ደግሞ እስከ 35 ቢደርስ ደስ ይላታል። ሌሊት ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ በተለይ እርጥበት ካለ፣ ችግር ይጀምራል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በክረምት ፀሐይ የለም፣ መሬቱ ርጥብ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ከቆላ የመጣችን ኤሊ ሊሾ ወለል ላይ ወይም ርጥብ ሳር ላይ ማሳደር ማለት በረዶ ቤት ከማሳደር ብዙም አይለይም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ መድኃኒት አያስፈልገውም። ኤሊዋን ደረቅና ሞቃት ቦታ አስገቧት። ካርቶን ወይም የእንጨት ሣጥን፣ ከታች ድርቆሽ፣ ከላይ እንዳይነካት ከፍ ብሎ የተሰቀለ አምፖል፣ ሣጥኑ ውስጥ ቀዝቀዝ ወዳለው ወገን ፈቀቅ የምትልበት ቦታ። በአንድ ሁለት ቀን ነቅታ መራመድና መብላት ከጀመረች ችግሩ ብርድ ነበር። ሞቆላትም ካልተነሳች ግን «ትንሽ እንጠብቅ» የሚባል ነገር የለም፤ ታማለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ውሻ ሲታመም ያለቃቅሳል፣ ድመት ትደበቃለች። ኤሊ ምንም አትልም። በዱር ደካማ የመሰለ እንስሳ ስለሚበላ፣ ሕመሟን እስከ መጨረሻው ትደብቃለች። አዝጋሚ ነገርን «የኤሊ ጉዞ» እንላለን አይደል? በሽታዋም የሚመጣው በኤሊ ጉዞ ነው። ዛሬ ያያችሁት ምልክት ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በፊት የጀመረ ሊሆን ይችላል። «ትናንት ደህና ነበረች» የሚለው አባባል ለኤሊ ብዙም አይሠራም።

አሁን ወደ ምልክቶቹ እንግባ።

አፍንጫዋን እዩ

በደጋ ከተማ ለሚኖሩ ኤሊዎች ከሁሉ በፊት የምንፈራው የመተንፈሻ አካል በሽታ ነው። ጤነኛ ኤሊ አፍንጫዋ ደረቅ ነው። ውሃ ከጠጣች ወይም ርጥብ ቅጠል ከበላች በኋላ ለአፍታ ቢረጥብ ምንም አይደለም። ቀኑን ሙሉ የሚዝረበረብ ንፍጥ፣ ስትተነፍስ አፍንጫዋ ላይ የሚነፋና የሚፈነዳ አረፋ፣ አፍንጫዋ ዙሪያ የደረቀ ቅርፊት ካያችሁ ግን ጀምሯታል ማለት ነው። ሲብስ አንገቷን ወደ ላይ ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፤ ጠጋ ብትሉ የፉጨት ወይም የመንኮራፋት ድምፅ ትሰማላችሁ። አፍ ከፍቶ መተንፈስ ለኤሊ የድንገተኛ ሕመም ምልክት ነው፤ እስከ ነገ አይቆይም።

ይህ ለምን እንደሚከብዳት ስናውቅ እኛም ገርሞን ነበር። ኤሊ እኛ ያለን ዓይነት ደረትንና ሆድን የሚለይ፣ ለመተንፈስና ለማሳል የሚያገለግል ጡንቻ የላትም። ሳንባዋ ከጀርባዋ ቅርፊት ስር ተለጥፎ ነው ያለው። ስለዚህ ውስጥ የተጠራቀመውን አክታ እንደ ሰው ስላልው ማስወጣት አትችልም። እዚያው ይቀመጣል። ቀላል ጉንፋን የመሰለው ነገር ሳንባ ምች የሚሆነው በዚህ ነው።

ሌላም አለ። ይህን በሽታ ከሚያመጡት ተሕዋስያን አንዳንዶቹ ከኤሊ ወደ ኤሊ ይተላለፋሉ፤ ደህና የምትመስልም ልትሸከማቸው ትችላለች። አዲስ ኤሊ ከመጣ ቢያንስ ለሁለትና ለሦስት ወር ለብቻዋ ትቀመጥ፤ ሳፋውንም ሣጥኑንም አታጋሯቸው።

ዓይን፣ ጆሮና አፍ

ዓይኖቿ ክፍት፣ ጥርት ያሉና ንቁ መሆን አለባቸው። ያበጠ፣ የተጣበቀ ወይም የሚያነባ ዓይን ኢንፌክሽን፣ የገባ ባዕድ ነገር ወይም የምግብ ጉድለት ሊሆን ይችላል። ወደ ውስጥ የሰረጎደ ዓይን ብዙ ጊዜ የውሃ እጥረት ነው። የቫይታሚን እጥረት ነው ብላችሁ በራሳችሁ የቫይታሚን ኤ መርፌ እንዳታስወጉ፤ ሲበዛባት ቆዳዋ እየተገሸለጠ ይወድቃል።

ከዓይኗ ኋላ፣ መንጋጋዋ የሚያልቅበት አካባቢ በአንድ ወገን ብቻ እብጠት ካያችሁ የጆሮ መግል ሊሆን ይችላል። የኤሊ መግል እንደ እኛ ፈሳሽ አይደለም፤ እንደ ደረቀ አይብ ጠጣር ነው። ስለዚህ በመርፌ በስቶ ማፍሰስ ወይም መጭመቅ ዋጋ የለውም፤ ሐኪም ከፍቶ ማውጣት አለበት። አፏ ውስጥ ደግሞ ሮዝ ቀለም ነው የምትፈልጉት። ነጭ ወይም ቢጫ ንጣፍ የመሰለ ነገር፣ መጥፎ ሽታና ለሃጭ ካለ አፏ እየቆሰለ ነው። ከንፈሯ፣ ማለትም ምንቃሯ፣ አለቅጥ ረዝሞ ከታጠፈ ደግሞ ለስላሳ ምግብ ብቻ እየበላች ነው ማለት ነው። እንጀራና ዳቦ ምንቃር አይሞርድም።

ቅርፊቷ ሕያው አጥንት ነው

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን፤ ምክንያቱም ብዙ በደል የሚደርሰው በዚህ በኩል ነው። ብዙ ሰው ቅርፊቷን እንደ ጥፍር ወይም እንደ ድንጋይ ያየዋል። አይደለም። የጀርባ አጥንቷና የጎን አጥንቶቿ ከቅርፊቱ ጋር አንድ ሆነው ተዋህደዋል። ደም ይዘዋወርበታል፤ ነርቭ አለው፤ ሲነኳት ይሰማታል። እንዳትጠፋ ተብሎ የቅርፊቷ ጫፍ በመሰርሰሪያ ተበስቶ በገመድ የታሰረች ኤሊ አይታችሁ ከሆነ፣ የታሰረችው አጥንቷ ተበስቶ ነው። በቀለም መቀባትም እንዲሁ ጉዳት ነው፤ ፀሐዩን ይከልላታል።

ለአቅመ ኤሊ የደረሰች ኤሊ ቅርፊቷ ጠንካራ መሆን አለበት። ከተፈለፈለች ብዙም ያልቆየች ጫጩት ትንሽ ሊለመጥ ይችላል፤ ያደገች ኤሊ ላይ ግን በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ቅርፊት የካልሲየምና የፀሐይ እጥረት ምልክት ነው። ፀሐይ ስንል በመስኮት መስታወት የምትገባውን አይደለም። አጥንት የሚያጠነክረውን ቫይታሚን ዲ የሚያስገኘው ዩቪቢ የሚባለው ጨረር ነው፤ መስታወት ደግሞ ይህን ጨረር አያሳልፍም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ መስኮት ስር «ፀሐይ ላይ» የምትውል ኤሊ ሙቀቱን እንጂ ጨረሩን አታገኝም። ግቢ ላላችሁ ነገሩ ቀላል ነው፤ ፀሐይ ሲወጣ አውጧት፣ ጥላም አዘጋጁላት። አውሮፓና አሜሪካ ያላችሁ በብርዱ ወራት የዩቪቢ አምፖል ግድ ነው፤ አምፖሉ እየበራ እንኳ ጨረሩ እየደከመ ስለሚሄድ በአምራቹ ጊዜ መሠረት ቀይሩት። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ ደግሞ ችግራችሁ የተገላቢጦሽ ነው፦ ቀኑን ሙሉ ኤሲ ያለበት ቀዝቃዛና ደረቅ ክፍል፣ ወይም ጥላ የሌለው የሚያቃጥል በረንዳ።

ቅርፊቱ ላይ እንደ ትንንሽ ጉብታ ወደ ላይ የተቆለለ ነገርስ? ለረጅም ጊዜ ፕሮቲን ስለበዛባት ነው ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በሱልካታ ጫጩቶች ላይ የታተመ ጥናት ግን ከፕሮቲኑ ይልቅ ዋናው ምክንያት በሕፃንነታቸው የሚያድጉበት ቦታ ድርቀት መሆኑን አሳይቷል። አንዴ ከቆመ ጉብታው አይመለስም፤ ቀላል ከሆነ ግን ለሕይወቷ አያሰጋም።

የሚያሰጋው ሌላው ነው፦ ለስላሳ የሆነ፣ ቀለሙ የተለወጠ፣ የሚሸት ወይም ፈሳሽ የሚወጣበት ቦታ። የሆዷን ስርም ገልብጣችሁ እዩ፤ ከርጥብ መሬት ጋር የሚውለው እሱ ነው። (ገልብጣችሁ አትተዋት። በጀርባዋ ፀሐይ ላይ የቀረች ኤሊ ትሞታለች።) ውሻ ነክሷት ወይም መኪና ነክቷት ቅርፊቷ ከተሰነጠቀ በንጹሕ ውሃ እጠቡ፣ በንጹሕ ጋዝ ሸፍኑ፣ ዝንብ እንዳያርፍበት ቤት አስገቡ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዱ። በማስቲሽ ወይም በሱፐር ግሉ መድፈን ጀርሙን ውስጥ ቆልፎ ማስቀረት ነው። የግቢ ውሻ ለዓመታት ነክቷት ባያውቅ እንኳ አትመኑት፤ ለውሻ የኤሊ ቅርፊት የሚታኘክ አጥንት ነው።

ሽንቷና ኩሷ ብዙ ይናገራል

ኤሊ ከሽንቷ ጋር ነጭ ነገር ታስወጣለች። አትደንግጡ፤ ጤነኛ ነው። እንደ ጥርስ ሳሙና ለስላሳ ከሆነ ደህና ናት። እንደ ኖራ ወይም እንደ አሸዋ ጠጣር ከሆነ ግን ውሃ ጠምቷታል፤ ዝም ከተባለ ፊኛዋ ውስጥ ጠጠር ይሠራል፣ ኩላሊቷም ይጎዳል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ፣ ቁመቱ ከአገጯ በታች፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። ትጠጣለች፣ ብዙ ጊዜም እዚያው ትጸዳዳለች። ከዚያ አድርቋት። ለደከመች ኤሊ ይህን በየቀኑ ማድረግ ይቻላል። ከብርድ ሳትወጣና ውሃ ሳታገኝ ግን ምግብ አፏ ውስጥ በግድ እንዳትከቱ፤ ሆዷ ስለማይፈጭ ውስጧ ይበሰብሳል።

ጤነኛ ኩስ ቅርጽ ያለውና የሳር ጭረት የሚታይበት ነው። የቀጠነ ከሆነ መጀመሪያ ምግቡን ጠይቁ፦ ሙዝ፣ ሐብሐብ፣ ፓፓያ፣ ሩዝ፣ ፓስታ? እነዚህ ኤሊዎች በዋናነት ሳር በል ናቸው። ሳርና ድርቆሽ ዋናው ምግብ ይሁን፤ ቅጠላ ቅጠል ተጨማሪ፤ ፍራፍሬ ቢቀር ይሻላል። እሾሁ የተነቀለለት የበለስ ቅጠል በጣም ጥሩ ምግብ ነው፤ ነገር ግን ሲቆረጥ ነጭ ወተት ከሚያወጣው ዛፍ ከሚያህለው ቁልቋል ጋር እንዳታምታቱት፤ የሱ ወተት መርዝ ነው።

ኩሷ ውስጥ ትል ካያችሁስ? አንገቷና እግሮቿ ስር መዥገር ካገኛችሁስ? እዚህ ላይ ነው ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደን ነገር ያለው።

የበጉን መርፌ ለኤሊ አታስወጉ

በአገራችን በግ፣ ፍየልም ሆነ ከብት ትል ወይም መዥገር ሲኖርበት ብዙ ጊዜ የሚወጋው አይቨርሜክቲን የሚባል መድኃኒት ነው። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ በየቦታው ይገኛል። ለኤሊ ግን መርዝ ነው። ነርቯ ውስጥ ገብቶ ጡንቻዋን ያሽመደምዳል፤ መጀመሪያ እግሮቿ ይዝላሉ፣ አንገቷ ይንጠለጠላል፣ በመጨረሻ መተንፈስ ያቅታታል። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ጥናት የተለያዩ ኤሊዎችን አወዳድሮ ነበር፤ ከሁሉም በላይ የተጎዳችው ያች የእኛዋ ባለ ነብር ነጠብጣቧ ናት፣ ያውም ለከብት ከሚሰጠው እጅግ ባነሰ መጠን።

ስለዚህ ማንም ይሁን ማን፣ መርፌ ይዞ ሲመጣ «ይሄ አይቨርሜክቲን አለበት?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ሐኪሙም የሚቀየም አይመስለንም፤ የእንስሳት ሐኪሞቻችን ትምህርትና ልምድ በአብዛኛው በከብት፣ በበግ፣ በፍየልና በዶሮ ላይ ስለሆነ ኤሊ በየቀኑ አይገጥማቸውም። ለትል የሚሆን ሌላ መድኃኒት አለ፤ መጠኑ ግን በግራም ተመዝና በሐኪም የሚወሰን ነው። መዥገሩን በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ንቀሉት። ከፋርማሲ የተገዛ የሰው አንቲባዮቲክም በግምት አይሰጥም።

በነገራችን ላይ መዥገሩን አትናቁት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 ባለ ነብር ነጠብጣቧንና ሱልካታን ጨምሮ አንዳንድ የአፍሪካ ኤሊዎች ወደ አገሯ እንዳይገቡ የከለከለችው፣ በላያቸው የሚመጡት መዥገሮች ከብት የሚገድል በሽታ ሊያስገቡ ይችላሉ ብላ ነው። በግ ወይም ላም ያላችሁ ግቢ ውስጥ መዥገር ያለባት ኤሊ የኤሊዋ ብቻ ጉዳይ አይደለችም።

ሚዛን ግዙ

ከምክሮቻችን ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጡ ብትሉን ይህን እንመርጣለን። የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። በየሳምንቱ ወይም በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ምግብ ከመብላቷ በፊት መዝናችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። ውሃ ስትጠጣና ስትሸና ክብደቷ ከፍና ዝቅ ስለሚል አንድ ቀን ባነሰ አትሸበሩ። ተከታታይ መውረድ ካያችሁ፣ በተለይ ከክብደቷ አንድ አሥረኛ ያህል ከጠፋ፣ ሌላ ምልክት ባይኖርም ሐኪም ጋ ሂዱ። ጤነኛ ኤሊ ስትነሳ እንደ ድንጋይ ትከብዳለች። ስታነሷት ባዶ ዕቃ ያነሳችሁ ከመሰላችሁ እጃችሁ የነገራችሁን እመኑ።

አረማመዷንም እዩ። ጤነኛዋ ሆዷን ከመሬት አንስታ ነው የምትሄደው፤ እግሯን ስትስቡት መልሳ ትነጥቃችኋለች። ሆዷን እየጎተተች ከሄደች፣ የኋላ እግሮቿ ከዛሉ፣ አጥንቷ ደክሟል ወይም ፊኛዋ ውስጥ ጠጠር አለ። ሴት ከሆነች እንቁላል ተይዞባትም ሊሆን ይችላል። ወንድ አጠገቧ ባይኖርም እንቁላል ትሠራለች፤ ለቀናት መሬት እየቆፈረች ሳትጥል ከተወች፣ ከተቅበጠበጠችና መብላት ካቆመች ጊዜ አትስጡት። ከጅራቷ በኩል ሥጋ የመሰለ ነገር ወጥቶ የማይመለስ ከሆነ ደግሞ በንጹሕ ውሃ እያረጠባችሁ በዚያው ቀን ውሰዷት። (ወንዱ ብልቱን ለአጭር ጊዜ ማውጣቱ ግን የተለመደ ነው።)

የቤተሰቡ ጤናስ?

ፍጹም ጤነኛ የሆነች ኤሊ እንኳ ሳልሞኔላ የሚባለውን ተሕዋስ በሆዷ ልትሸከም ትችላለች፤ እሷን አያማትም፣ ሕፃን ልጅን ግን ሆስፒታል ያስተኛል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ቅርፊታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊዎች ለቤት እንስሳነት እንዳይሸጡ የከለከለችው ልጆች አፋቸው ውስጥ እየከተቷቸው ስለነበር ነው። ከነካችኋት በኋላ በሳሙና ታጠቡ፤ የምትታጠብበትን ሳፋ ለሌላ አትጠቀሙበት፤ ወጥ ቤት ሲንክ ውስጥ አትጠቧት። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ባይነኳት ይመረጣል።

አንድ ሌላ ጉዳይም አለ፤ ብዙዎቻችሁ ደስ አይላችሁ ይሆናል። ኤሊ በሕግ የዱር እንስሳ ናት። ያለ ፈቃድ ከዱር እያነሱ ማምጣት አይቻልም። ከመስክ ስትመለሱ መንገድ ስታቋርጥ ያገኛችኋትን መኪና ላይ ጭኖ መምጣት ውለታ አይደለም፤ ወደምትሄድበት አቅጣጫ አሻግራችሁ ተዋት። ቀድሞ ቤታችሁ ያለችውን ደግሞ ስትታመም ወስዳችሁ ጫካ አትጣሏት፤ በሽታውን ለዱሮቹ ታካፍላለች። ማቆየት ካልቻላችሁ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ጠይቁ።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ

አዲስ አበባና አካባቢዋ ላላችሁ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢሾፍቱ ይገኛል፤ ጎንደርና ሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎችም የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍል አላቸው። ውጭ አገር ያላችሁ «ተሳቢ እንስሳት ታያላችሁ?» ብላችሁ ቀድማችሁ ደውሉ፤ ሁሉም ክሊኒክ አያይም።

ኤሊዋን አየር በሚያስገባ ካርቶን፣ ከስር ፎጣ አንጥፋችሁ ውሰዷት። በብርድ ወራት ሙቅ ውሃ የሞላ ፕላስቲክ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አጠገቧ አድርጉ። የክብደት ደብተሩን፣ ከቻላችሁ የዚያን ቀን ኩሷን በፌስታል፣ የምትበላውን ዝርዝርና የምታድርበትን ቦታ ፎቶ ያዙ። ስትተነፍስ ድምፅ ካላት ደግሞ ቤት ሳላችሁ በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹ፤ ሐኪም ፊት ስትደርስ ራሷን ቅርፊቷ ውስጥ ከትታ ዝም ትላለችና።